አልጠየቅኸኝም

በዚህ ገጽ ብዙውን ጊዜ ስለ አገር፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ስደት ኑሮ ይጻፋል። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብኩት ጉዳይ ግን ተራ ነው፤ አንድ አሮጌ የአየር ኮምፕሬሰር። ይሁን እንጂ ይህ ብረት በማስተምርበት ዘመን ለተማሪዎቼ አንስቼላቸው የማላውቀውን ጥያቄ አስነስቶብኛል። ሰው ያልተጠየቀውን ነገር ባለመናገሩ ይወቀሳልን? ወይስ ዝም ያለ ሰው አልዋሸም ብለን በሰላም እናሰናብተው?

ነገሩን ከመነሻው ላጫውታችሁ። እኔ የታክሲ ሹፌር ነኝ። አገር ቤት ሳለሁ ደሴ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምር ነበር። አሁን ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ካምቤል ውስጥ በተከራየነው ቤት እንኖራለን። መኪናዬ እንጀራዬ ናት። ጎማዋ በተነፈሰ፣ ፍሬኗ ባለቀ ቁጥር ለሰው ከመክፈል ይልቅ የምችለውን ጋራዥ ውስጥ ራሴ ብሠራ ይሻላል ብዬ ኮምፕሬሰር ለመግዛት ቆረጥኩ። ባለ 60 ጋሎን ታንክና ባለ 5 የፈረስ ጉልበት ሞተር የሆነው ዓይነት አዲሱ ከ1000 ዶላር በላይ ነው። አንድ የአገራችን ሰው ግን ሳን ሆዜ ውስጥ “የታደሰ” በ450 ዶላር እንደሚሸጥ ሰማሁ።

“የታደሰ” የሚለው ቃል ለእኛ ደስ የሚል ቃል ነው። ለልጆቻችን እንኳ ታደሰ ብለን ስም እናወጣለን። በአሮጌ ዕቃም አናፍርም፤ ልናፍርም አይገባም። መርካቶ ምናለሽ ተራ የገባ ሰው የተጣለ ብረት ምድጃ ሲሆን፣ ያለቀ የመኪና ጎማ በረባሶ ሆኖ ሲወጣ አይቷል። በየመንገዱ ዳር ያለው ጎሚስታ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከዚህም ከዚያም ተለቃቅሞ በተገጣጠመ ኮምፕሬሰር ነው። በእነዚህ እጆች ኖረናል፤ በእነዚህ እጆችም እንኮራለን።

ሻጩ ቤት ስደርስ ኮምፕሬሰሩ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ እንደ ሙሽራ ቆሞ ነበር። ሞተሩን አስነስቶ አሳየኝ፤ ድምፁ ጥሩ ነው። ከዚያ ወደ ቤት አስገባኝና ባለቤቱ ቡና አፈሉልን። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ የሰው ቡና እስከ ሦስተኛው ጠጥቶ ሲያበቃ “ለመሆኑ ይህ ታንክ ከውስጥ ዝጓል? ተበይዶስ ያውቃል?” ብሎ የሚጠይቅ ከመካከላችን ማን ነው? ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁ፤ መርቀውኝ ወጣሁ።

ቤት ወስጄ የታንኩን ውኃ ማፍሰሻ ስከፍት እንደ ደፈረሰ ጠላ ያለ ቡናማ ውኃ ወጣ። አየር ሲጨመቅ በውስጡ ያለው እርጥበት ወደ ውኃ ይለወጣል፤ በየጊዜው ካልፈሰሰ ታንኩን ከሥር ከውስጥ ይበላዋል። ከማፍሰሻው አጠገብ ቀለሙን በቢላዋ ስፍቀው የመዳፍ ያህል ስፋት ያለው የብየዳ ልጣፍ ብቅ አለ። የታንኩ የመረጃ ሰሌዳም በቀለም ተደፍኖ ስለ ነበር አንድ ፊደል አይነበብም።

ይህ ሰሌዳ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1905 በማሳቹሴትስ ግዛት ብሮክተን ከተማ የአንድ ጫማ ፋብሪካ የእንፋሎት ቦይለር ፈንድቶ 58 ሰዎች ሞቱ። ከዚያና ከመሰሎቹ አደጋዎች በኋላ ነው የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር የቦይለርና የግፊት ታንክ አሠራር ደንብ ያወጣው። በታንክ ላይ የሚለጠፈው ሰሌዳ ታንኩ ምን ያህል ግፊት እንደሚችል፣ ማን እንደሠራውና መቼ እንደተሠራ ይናገራል። ሰሌዳው ማንም ሳይጠይቀው የሚመልስ ምስክር ነው ማለት ይቻላል። የግፊቱን መጠን ለመገመት ያህል፣ በ125 ፒ.ኤስ.አይ. ላይ በታንኩ ግድግዳ በእያንዳንዱ መዳፍ ስፋት ላይ 1500 ፓውንድ ገደማ ያርፋል። ይህ ከአንድ ትልቅ ሰንጋ ክብደት ይበልጣል። በዚያ ልጣፍ ላይ ያ ሰንጋ ቆሞበታል ማለት ነው።

ሻጩ ዘንድ ደወልኩ። አልካደም። “አዎ፣ ትንሽ ቀዳዳ ነበረችው፤ አስበየድኳት” አለኝ። “ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?” ስለው፣ “አልጠየቅኸኝም እኮ፣ ወንድሜ” አለ። ስልኩን ዘግቼ ብዙ ተናደድኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ በርካሽ ገዛሁ ብዬ ተሞኘሁ እያልኩ ለባለቤቴ አማረርኩ።

ይሁን እንጂ ጉዳዩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ ነበር።

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት የኮምፕሬሰሩን የኤሌክትሪክ መስመር ዘርግተን ነበር። የዘረጉልኝ በዕድሜ የሚበልጡኝ፣ ጋሼ ብዬ የምጠራቸው ወዳጄ ናቸው። ኮምቦልቻ ውስጥ ለብዙ ዓመታት በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት የኖሩ፣ እዚህ ግን የሙያ ፈቃድ የሌላቸው ሰው ናቸው። “ገንዘብ የምትል ከሆነ አልመጣም” ብለው በነፃ ሠሩልኝ። እጃችን ላይ የነበረው ትርፍ 12 ቁጥር ሽቦ ነበር፤ እሱን በግድግዳው ውስጥ አሳለፉት። በዚህ አገር የሽቦው ቁጥር ሲያንስ ውፍረቱ ይጨምራል፤ 12 ቁጥር ሽቦ ቀጭን ሲሆን የሚጠበቀው በ20 አምፒር ብሬከር ነው። ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ብሬከሩ ሲወድቅብን ጋሼ አወጡትና 40 አምፒር ተኩበት። ሞተሩ ያለ ችግር ተነሣ፤ ሁለታችንም ተደሰትን።

ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ነገሩ አልገባኝም ብል መዋሸት ይሆንብኛል። ብሬከር የሚጠብቀው በመጀመሪያ ደረጃ ግድግዳ ውስጥ የተደበቀውን ሽቦ ነው። ባለ 5 የፈረስ ጉልበት ሞተር በ230 ቮልት ወደ 28 አምፒር ይስባል፤ ሲነሣ ደግሞ ለቅጽበት ከዚያ ብዙ እጥፍ ይስባል። ሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት የሚያድገው በአምፒሩ ስኩዌር ነው። ለ20 አምፒር በተመጠነ ሽቦ 28 ሲያልፍበት ሙቀቱ እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ብሬከሩ ግን 40 ስለሆነ ምንም አላየሁም ብሎ ይቀመጣል። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ!

ይህንኑ ፈራ ተባ እያልኩ ለጋሼ አነሳሁላቸው። “በቀን አሥር ደቂቃ ነው የሚሠራው፤ መቼ ይሞቃል?” አሉኝ። የቤቱን ባለቤት ሳናስፈቅድ መሥራታችንንም ሳነሳ፣ “ጂፕሰሙን መልሰህ ቀለም ትቀባዋለህ። ማን ይጠይቅሃል?” አሉ። እኔም ዝም አልኩ።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ ሻጩን ረግሜ በነጋታው ጋራዥ ገባሁና የቀለም ብሩሹን አነሳሁ። ግድግዳውን ልቀባ ስል እጄ ቆመ። ያ ሰው ታንኩን ሰማያዊ ቀባ፤ እኔ ግድግዳውን ነጭ ልቀባ ነው። ልዩነታችን ምንድን ነው? እሱ “አልጠየቅኸኝም” አለ፤ እኔ “ማን ይጠይቀኛል” እያልኩ ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፉ ውስጥ አንድ የእህል ነጋዴ ጉዳይ ያነሳል። ነጋዴው ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ረሀብ ወደ ገባባት የሮድስ ደሴት ይደርሳል። ሌሎች የእህል መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆኑን ያውቃል፤ የደሴቲቱ ሰዎች ግን አያውቁም። ይንገራቸው ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? የባቢሎኑ ዲዮጋንስ ዝም ማለትና መደበቅ አንድ አይደሉም፤ ሻጭ ሕጉ ካዘዘው በላይ የመናገር ግዴታ የለበትም የሚል አቋም ነበረው። ተማሪው አንቲፓተር ግን ገዢው የማያውቀውን አንተ እያወቅህ ለጥቅምህ ስትል መደበቅ አይገባህም ብሎ ተከራከረ። ሲሴሮ እዚያው ላይ ጉድለት ያለበትን ቤት ስለሚሸጥ ሰውም አንስቶ ፍርዱን ለአንቲፓተር ሰጥቷል። የካሊፎርኒያ ሕግም ቢሆን መኖሪያ ቤት የሚሸጥ ሰው የሚያውቀውን ጉድለት በጽሑፍ እንዲገልጽ ካስገደደ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ማለት ነው።

እኔ ግን ለእኛ ለሐበሾች የሚሆን አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ ባይ ነኝ። “ገዢ ጠይቆ ይግዛ” የሚለው አነጋገር ለሚጠያየቅ ሕዝብ ምናልባት ያስኬድ ይሆናል። በእኛ መካከል ግን መጠየቅ ራሱ አስነዋሪ ነው። ቡና የጠጣ እንግዳ አይጠይቅም። በነፃ የተሠራለት ሰው “ፈቃድ አለዎት ወይ?” አይልም። አዲስ መጥቶ ክፍል የሚከራይ ልጅ “ሽቦው ደህና ነው?” ብሎ አያውቅም። ጥያቄ ነውር በሆነበት ቦታ ላይ መናገር ዕዳ ይሆናል፤ ዕዳውም የሚወድቀው በሚያውቀው ሰው ላይ ነው። ቋንቋችንም ይህን ሳያውቅ የቀረ አይመስለኝም። ኃላፊነት ያለበትን ሰው “ተጠያቂ” እንለዋለን። ገና ማንም ባይጠይቀውም ተጠያቂ ነው።

በእርግጥ ለዝምታ የሚቀርበው ምክንያት ሁሉ ከንቱ አይደለም። ሻጩ ቢናገር ኖሮ ታንኩን የሚገዛው አያገኝም ነበር፤ እሱም ልጆች አሉት። እኔም የቤቱን ባለቤት ባስፈቅድ ኪራይ ይጨምርብኝ ይሆናል ብዬ ፈርቻለሁ። በዚህ ሸለቆ የቤት ኪራይ ምን ያህል እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ሆኖም አንድ ነገር እንመዝን። የማውቀው እኔ እጠነቀቃለሁ፤ ኮምፕሬሰሩን ለብቻው እያስነሳሁ፣ ቶሎ እያጠፋሁ እኖራለሁ። ከእኔ በኋላ የሚከራየው ግን 40 የሚለውን ብሬከር አይቶ 40 ይችላል ብሎ ያምናል። የዝምታዬ ትርፍ ለእኔ፣ አደጋው ለማያውቀው ነው።

ይህን ስጽፍ በዚሁ በእኛ አካባቢ የደረሰው ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ቀን 2016 ኦክላንድ ፍሩትቬል ሰፈር ጎስት ሺፕ በተባለው መጋዘን በሙዚቃ ምሽት ላይ እሳት ተነስቶ 36 ሰዎች ሞቱ። የእሳቱ መነሻ በይፋ ሳይረጋገጥ ቀርቷል። የታወቀው ግን ቤቱ ለመኖሪያም ሆነ ለግብዣ ያልተፈቀደ፣ መብራቱም ከጎረቤት ሕንፃ በዘፈቀደ በተሳበ መስመር የሚመጣ እንደነበረ ነው። ዋናው ተከራይ እ.ኤ.አ. በ2021 በ36 ሰዎች ሞት ጥፋተኝነቱን በፍርድ ቤት አምኗል። ለሙዚቃ የመጡት ወጣቶች ስለ ቤቱ ሽቦ አልጠየቁም። እንግዳ ምን ብሎ ይጠይቃል?

ብሩሹን አስቀመጥኩና ብሬከሩን አጠፋሁ። በነጋታው ጋሼ ዘንድ ሄጄ መስመሩን ላነሳው መሆኑን ነገርኳቸው። ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ይህ ነበር። እርሳቸው ዝም ብለው አዳመጡኝና “ሥራዬን አልወደድከውም ማለት ነው” አሉ። እንዲያ እንዳልሆነ፣ ጥፋቱ እያወቅሁ ዝም ያልኩት የእኔ እንደሆነ ለማስረዳት ሞከርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ቡና ይጠጡ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የመጡት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እስኪጠራ ግን ብርድ አለው።

ለቤቱ ባለቤትም ነገርኩ። ደስ አላለውም፤ ነገር ግን ከከተማው ፈቃድ ወጥቶ፣ ፈቃድ ባለው ባለሙያ በእኔ ወጪ ይሠራ ብሎ ተስማማ። አሁን 8 ቁጥር ሽቦ ተዘርግቷል፤ የከተማው ተቆጣጣሪ ግድግዳው ሳይዘጋ አይቶ ፈርሞበታል። ወጪው ኮምፕሬሰሩን ከገዛሁበት በለጠ። ሞተሩንና መጭመቂያውን ፈትቼ ሰሌዳው በግልጽ በሚነበብ ሌላ ታንክ ላይ አስገጠምኩ።

የቀረው ያ ሰማያዊ ታንክ ነበር። አንድ ወዳጄ “በ100 ዶላር ልግዛህ፤ እኔ አልጠይቅህም” ብሎ ቀለደ። አየሩን ጨርሼ ካወጣሁ በኋላ ጎኑን በመሰርሰሪያ ቀዳሁትና ወደ ብረት ሰብሳቢዎቹ ወሰድኩት። የተደፈነ ሰሌዳ አይናገርም፤ በጎኑ ላይ የተበሳ ቀዳዳ ግን ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል።

ውድ አንባቢ፣ እኔ ይህን የምጽፈው ንጹሕ ሰው ስለሆንኩ አይደለም። ብሩሹን በእጄ ይዤ ነበር። ነገር ግን ምናልባት በዚህ ወር መኪና የምትሸጡ፣ ክፍል የምታከራዩ፣ ወይም ለወገን በነፃ አንድ ነገር የምትሠሩ ትኖሩ ይሆናል። ወገናችሁ ያፍራልና አይጠይቃችሁም። እባካችሁ እናንተ ቀድማችሁ ንገሩት።