መግዛትና መጠበቅ

እግዚአብሔር ሰውን በፈጠረ ጊዜ በምድርና በውስጧ ባለው ፍጥረት ላይ ሥልጣን እንደ ሰጠው በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ አንድ ተጽፎ እናነባለን። ይህን ቃል አንዳንዱ ሰው ለራሱ ጥቅም ይተረጕመዋል፤ ምድር ለእኔ ተሰጥታለችና እንደ ፈቀድሁ ባደርጋት ማንም ሊከለክለኝ አይችልም ይላል። ሌላው ደግሞ በዚሁ ቃል ምክንያት ቅዱስ መጽሐፍን ይወቅሳል። በ1959 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1967) ሊን ኋይት የተባለ አሜሪካዊ የታሪክ ምሁር ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ፥ በምዕራቡ ዓለም ሰው ተፈጥሮን በግድየለሽነት ለመበዝበዙ አንዱ ሥር ከዚህ ትምህርት የበቀለ ነው ብሎ ነበር። እንግዲህ በዝባዡም ወቃሹም ቃሉን ገደብ የሌለው ሥልጣን አድርገው ተረድተውታል ማለት ነው። ነገር ግን ቃሉ በእውነት እንዲህ ይላልን?

የግእዙ ብሉይ ኪዳን ከጽርዕ ቋንቋ እንደ ተመለሰ የታወቀ ነው። እኛ ዛሬ ወደ ዕብራይስጡ የምንመለከተው ከአባቶቻችን የተቀበልነውን ትርጓሜ ለማፍረስ አይደለም፤ ከወንዙ የሚጠጣ ሰው ምንጩን ቢጐበኝ ወንዙን አላቃለለምና።

ሥልጣንን የሚያመለክቱት የዕብራይስጥ ቃላት ሁለት ናቸው፤ እነርሱም «ካባሽ» እና «ራዳ» ይባላሉ። «ካባሽ» ማለት ማስገበር፥ በእጅ ማድረግ ማለት ነው፤ ጠንካራ ቃል መሆኑን መሸሸግ አይገባም። «ራዳ» ማለት ደግሞ መግዛት፥ መንገሥ ነው። ይሁን እንጂ ቅዱስ መጽሐፍ «ራዳ»ን ያለ ልጓም አልተወውም። በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 25 ጌታ አገልጋዩን በጭካኔ እንዳይገዛ በዚሁ ቃል ተከልክሏል፤ ጭካኔ የተባለውም ቃል ፈርዖን እስራኤልን ላስጨነቀበት ግፍ የተነገረው ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤልም በምዕራፍ 34 መንጋውን በኃይልና በጭካኔ የገዙትን እረኞች ሲገሥጽ በዚሁ ግስ ይናገራል። በአንጻሩ በ71ኛው መዝሙረ ዳዊት ከባሕር እስከ ባሕር የሚገዛው ንጉሥ ለድሃው የሚፈርድ፥ ረዳት የሌለውን የሚያድን ነው። እንግዲህ ገዥነት በቅዱስ መጽሐፍ ዘንድ የሚመሰገነው ወይም የሚነቀፈው በሥሩ ያሉት ሁሉ ባገኙት ሕይወት ወይም ሞት ነው።

ደግሞም ልብ እንበል፤ ሥልጣኑ ከተሰጠ በኋላ ወዲያው የሚከተለው የምግብ ሥርዓት ነው። ለሰው የተሰጠው ምግብ ዘር የሚሰጥ ቡቃያና የዛፍ ፍሬ እንጂ ሥጋ አልነበረም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥልጣን የመግደልን ፈቃድ አልያዘም ነበር። በጾም ወራት ማዕዳችን ይህንኑ የጥንት ማዕድ መምሰሉን ስናስብ ጾም የፍጥረትም ዕረፍት መሆኑን እናስተውላለን።

ወደ ምዕራፍ ሁለት ስንሻገር የሥልጣኑ አፈጻጸም ይገለጥልናል። ሰው በዕብራይስጥ «አዳም» ይባላል፤ የተገኘባትም መሬት «አዳማ» ትባላለች። ስሙ ራሱ ከመሬት ጋር ያለውን ዝምድና ይመሰክርበታል። ይህ ሰው በገነት ሲኖር ሁለት ሥራ ታዘዘ፤ በዕብራይስጡ «ዓባድ» እና «ሻማር» ይባላሉ። «ዓባድ» መሥራት ነው፥ ማገልገልም ነው፤ አገልጋይ «ዔቤድ» የሚባለው ከዚሁ ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በግእዛችንም «ግብር» ሥራ ሲሆን «ገብር» አገልጋይ ነውና። «ሻማር» ደግሞ መጠበቅ ነው፤ በግእዝ «ዐቀበ» የምንለው ነው። እነዚህ ሁለት ቃላት በኦሪት ዘኍልቍ በምዕራፍ 3 ለሌዋውያን የድንኳኑ አገልግሎት በአንድነት ተነግረዋል። ስለዚህ አዳም በገነት የቆመው ሌዋዊ በመቅደስ እንደሚቆም ነበር፤ የሚሠራባት መሬት የእርሱ አልነበረችምና።

ከበደል በኋላ ግን ምን ሆነ? በምዕራፍ ሦስት ፍጻሜ አዳም ከገነት ሲወጣ መሬትን እንዲሠራ ተነገረለት፤ «ዓባድ» አልተወሰደበትም። «ሻማር» ግን በዚያ ስፍራ ለሰው አልተነገረም፤ የሕይወትን ዛፍ መንገድ እንዲጠብቁ የታዘዙት ኪሩቤል ናቸው። በምዕራፍ አራትም ቃየን መሬትን የሚሠራ ሰው ነበረ፤ ወንድሙን ገድሎ ሲጠየቅ ግን ጠባቂነትን በዚሁ በ«ሻማር» ግስ ካደ። ከዚያም መሬት ብትሠራትም ኃይሏን አትሰጥህም ተባለ። መጠበቅን የካደ ሰው የሥራውንም ፍሬ አጣ። ወንድምን አለመጠበቅና ምድርን አለመጠበቅ በአንድ ሥር የበቀሉ መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ ምን ያስረዳናል?

ምናልባት አንድ ሰው፥ ልጆቹን ለመመገብ ዛፍ የሚቈርጠውን ድሃ እንዴት እንፈርድበታለን? ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ኦሪት ሥራን ከመጠበቅ አልለየችም የሚል ነው። ይኸው የዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ምድር በሰባተኛው ዓመት እንድታርፍ ሲያዝ፥ ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 23 የዚያ ዓመት በረከት ለድሃና ለምድር አራዊት ይሁን ይላል። ስለዚህ የመጠበቅ ሸክም አስቀድሞ የሚወድቀው በተረፈው ሰው ላይ ነው። ድሃውን የሚደግፍበት ሳለው ዝም ብሎ ዛፍ ለምን ቈረጥህ የሚል ሰው የቃየንን መልስ በሌላ አፍ ይመልሳል።

በሰሜኑ የአገራችን ደጋ የጥንቱ ጽድ፥ ወይራና ዝግባ በብዙ ስፍራ ተርፎ የሚታየው በአብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ ነው። ይህ የአባቶች ዐቃቤነት ሕያው ምስክር ነው። ነገር ግን ምስክሩ በእኛም ላይ ይቆማል፤ ከዐጸዱ ቅጥር ውጭ ያለችውም ምድር የዚያው የአንዱ ጌታ ናትና። ስለዚህ ካህኑ በዐውደ ምሕረት ስለ አዳም ሥልጣን ሲያስተምር «ግዟት» ከሚለው ቃል ጋር «ጠብቋት» የሚለውን አብሮ ያስተምር። ምእመኑም ማረሻውን ሲያነሣ የእግዚአብሔር ገብር፥ የምድርም ዐቃቢ መሆኑን ያስብ። በመጨረሻው ቀን የምንጠየቀው ምን ያህል ገዛችሁ ተብለን ሳይሆን የተሰጣችሁን እንዴት ጠበቃችሁ ተብለን ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።