ዕድልና ጥበብ

ስለ አሜሪካ ሪፐብሊክ ምሥረታ ሲወሳ የመሥራቾቹ ጥበብ እንጂ፣ ዘመንና ስፍራ የዋሉላት ውለታ እምብዛም አይነገርም። ከአውሮፓ ነገሥታት የሚከልላት ውቅያኖስ ነበራት። በነፃነት ጦርነቷ የፈረንሳይ ገንዘብና መርከብ ደርሶላታል። እ.ኤ.አ. በ1787 ሕገ መንግሥቷን ስትቀርጽም ለረጅም ክርክር የሚበቃ ሰላም አግኝታለች።

ባሮች የነበሩ ሰዎች በ1804 የመሠረቷት ሄይቲ ግን እርሻዋ በጦርነት ነዶ፣ በባሪያ አሳዳሪ ኃይሎች ተከብባ ተወለደች። በ1825 ፈረንሳይ የጦር መርከቦቿን አሰልፋ 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካሣ ጠየቀቻት፤ ከፋዩ የተበደለው፣ ተካሹ በዳዩ መሆኑ ነው!

የሄይቲ መሪዎች የራሳቸው ጥፋት እንዳለ ሆኖ፣ የአንዷን ስኬት ለጥበብ፣ የሌላዋን ውድቀት ለስንፍና መስጠት ፍርደ ገምድልነት አይሆንምን? የሁለቱ ዕጣ እኮ የተነጣጠለ አልነበረም። በ1803 ናፖሊዮን ሉዊዚያናን በ15 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ የሸጠው፣ በአመዛኙ ሠራዊቱ በሄይቲ ተዋጊዎችና በቢጫ ወባ ስላለቀበት ነው። (የምድሪቱን ነባር ሕዝቦችማ ማን ጠይቋቸው!) በዚያ ውል የአሜሪካ ግዛት በእጥፍ ገደማ ሰፋ። ሳያውቁት ይህን ሲሳይ ላመጡላት ተዋጊዎች አገር ግን አሜሪካ እስከ 1862 ድረስ ዕውቅና ነፈገች።