የተሰበረውስ ድልድዩ ነው

ተቀመጡ። ጠላው የትም አይሸሽም። ሰንበቴው ከመበተኑ በፊት የምላችሁ አለኝ። ስልካችሁን ዝጉ አልልም፤ ብልም አትዘጉም። በፊቱ ድፉትና ስሙኝ። ባለፈው እሑድ ቄሱ ማዕዱን ሲባርኩ ከአንዱ ኪስ ዘፈን ፈነዳ። ባለቤቱ ማጥፊያው ጠፍቶት ሲያገላብጥ ዘፋኙ አዝማቹን ሁለት ጊዜ ደገመው። ቄሱ ታገሡ፤ እግዚአብሔርም ታገሠ። እኔ ግን የእነሱን ያህል ትዕግሥት የለኝም።

ከጳጉሜን ወዲህ ዜናው እንደ ነሐሴ ጎርፍ ነው፤ አልክድም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ጉባ ላይ የሕዳሴው ግድብ ተመረቀ። በሦስተኛው ቀን ሐሙስ ዘመነ ማርቆስ ገባ። ልጃገረዶቹ ያመጡልን አበባ ሳይጠወልግ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጣና ከተፈታኙ 8.4 በመቶው ብቻ አለፈ ተባለ። እናንተም አንዱን ሳታስቀሩ ሁሉንም ሰማችሁ፣ በሁሉም ላይ ፈረዳችሁ፣ ሁሉንም ለሌላ ላካችሁ። ደከማችሁ። እግዜር ይስጣችሁ።

ስልካችሁ ላይ በቀይ ቀለም «ሰበር ዜና» የሚል ይመጣል። በእኛ ጊዜ የሚሰበረው ሞፈር ነበር። ሞፈር የተሰበረበት ሰው መጥረቢያውን ይዞ ሌላ ሊጠርብ ይነሣል። የእናንተ ሰበር ግን ማንንም አያስነሣም፤ የቆመውን ሁሉ ያስቀምጣል እንጂ። ታች ጅረቱ ላይ ያለው ድልድያችን ከነሐሴ ጀምሮ ተሰብሯል። ሦስት ግንድ ነበር፤ ሁለቱን ጎርፍ ወሰዳቸው። እንዴት እንደ ሄዱ ኋላ እነግራችኋለሁ። ይህን ሰበር ዜና ማን ለጠፈው? ማን አጋራው? አምስት ሳምንት ሙሉ በአንዲት ግንድ ላይ እንደ ዝንጀሮ እየተንጠላጠልን እንሻገራለን። ነፍሰ ጡሯ ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ በዚያችው ነው የምታልፈው። ማክሰኞ ዕለት አንድ ጎረምሳ ቪዲዮ እያየ ሲሻገር ወደቀ። እዚሁ ተቀምጧል፤ ስሙን አልጠራም፣ ጆሮው ግን ቀልቷል። እስከ ወገቡ ሰጥሞ ስልኩን እንደ ጧፍ ከፍ አድርጎ ይዟል። እጅህን ስጠኝ ብዬ ብዘረጋለት መጀመሪያ ያቀበለኝ ስልኩን ነው!

እናንተ አረቄ ቤት ስለ ግድቡ ስትከራከሩ ታመሻላችሁ። ኃይሉ 5,150 ሜጋ ዋት፣ ቁመቱ 145 ሜትር፣ የሚይዘው ውኃ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ። ጎበዝ፤ ቁጥሩን እንደ ዳዊት በቃላችሁ ይዛችኋል። እኔም ደስ ብሎኛል። የአንድ በግ ዋጋ ያህል ቦንድ ገዝቼበታለሁ። በመጋቢት 2003 መሠረቱ ሲጣል ጥርሴ ሙሉ ነበር፤ ሲመረቅ ዳቦዬን በጠላ እያራስኩ ነው የምበላው። ከ14 ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ ሥራ እንዲህ ነው የሚሄደው፣ በኤሊ እርምጃ። ግን ያ ሁሉ ውኃ ከየት የሄደ ይመስላችኋል? ከጉና የሚወርደው ርብም ጉማራም ጣና ይገባል፤ ከጣና ዓባይ ይወጣል። ይቺ የእኛ ጅረትም ዞራ ዞራ ጉባ ትደርሳለች። የዓባይ የልጅ ልጅ ናት በሏት። አያቷን በኮንክሪት ገደብነው ብላችሁ የምትፎክሩ ሰዎች፣ የልጅ ልጇን በሦስት ግንድ መሻገር አቃታችሁ!

ወደ ፈተናው ልምጣ። በወደቀ ልጅ የምትስቁ አፋችሁን ያዙ። በክልላችን ግጭቱ ከተነሣ ወዲህ ስንቱ ትምህርት ቤት ተዘግቶ እንደ ከረመ እናንተው ታውቃላችሁ። ያልተማረውን ለምን አላወቅህም ብሎ የሚስቅ ሰው፣ ያልዘራበትን እርሻ ለምን አላፈራህም ብሎ እንደሚሳደብ ገበሬ ነው። ቁጣዬ በአባት ላይ ነው። ከመካከላችን አንዱ ከሰኔ ጀምሮ ልጁን «ዶክተር» እያለ ሲጠራ ከረመ። ለቅዱስ ዮሐንስ በግ ሲያርድ «የአውዳመቱም ነው፣ የውጤቱም ነው፤ በአንድ ወጪ» አለን። በላን። መረቅን። ውጤቱ የወጣ ዕለት የበጉ ቆዳ ገና አጥሩ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ልጁ አክስቱ ቤት ሄዶ ተደበቀ፤ እስካሁን አልተመለሰም። ልጁን ያሳፈረው ፈተናው አይደለም፤ በጉ ነው። እኔም ከቅርጫው በልቻለሁና ከሐፍረቱ ድርሻዬን እወስዳለሁ። አባቱ ዛሬውኑ ሄዶ በስሙ ጠርቶ ያምጣው። በስሙ ነው ያልኩት።

ፍጻሜው ሳይታወቅ መደሰት ምን እንደሚያመጣ ደብረ ታቦር ድሮ አይታዋለች። በ1834 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ መጥተው እዚሁ ደብረ ታቦር ላይ ከራስ አሊ ጋር ገጠሙ። ውቤ ድል አደረጉ፤ ራስ አሊ ሸሹ። ውቤም ድላቸውን ለማክበር ተቀመጡ። የአሊ ወገን የነበሩት ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ደርሰው ድል አድራጊውን ከነደስታቸው ማረኳቸው። ያሸነፈው ታሰረ፣ የሸሸው ተመልሶ ገዛ። ያን ጊዜ ፌስቡክ ቢኖር ኖሮ ውቤ «እንኳን ደስ ያለዎ» እየተባሉ ነበር እግር ብረት የሚገባላቸው።

ደግሞስ ወሬ ሳታጣሩ መላካችሁ! ባለፈው ሐምሌ እኔ ሞቼ ነበር፤ ታስታውሳላችሁ። መሞቴን የሰማሁት ከወንድሜ ልጅ ነው። ከዋሽንግተን በሌሊት ደውሎ፣ እያለቀሰ፣ «ጋሼ፣ መቼ ዐረፉ?» አለኝ። «ገና ነኝ ልጄ፤ አሁን እንኳ ልተኛ ነበር» አልኩት። ለካ ከወንዝ ማዶ የሞተው ሰው ስሙ ከስሜ ይገጥማል። ከእናንተ አንዱ የኔን ፎቶ ከሻማ ጋር ለጥፎ «ነፍስ ይማር፤ ለ10 ሰው ያልላከ ጸሎቱ አይሰማም» ብሎበታል። ዐሥሩም ላኩ። አንድ እንኳ አጥሬን ተሻግሮ ያየኝ የለም። በማግሥቱ ገበያ ስወጣ ቅቤ ሻጯ አማተበች። አባቶች ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር አሉ። እናንተ መላውን ትታችሁ ሻማ ጨመራችሁ። ከወንዝ ማዶ ያለውን እውነተኛውን ሟች ለመቅበር ስንሄድ ግን ቆጠርኳችሁ፤ ሻማ ከላካችሁት ግማሹ አልነበራችሁም።

ስለ ኑሮ ውድነትም ጮሃችኋል። እኔም ጮኼ ነበር፤ ተዋርጄ ተመለስኩ። ብር በገበያ ዋጋ ይመራ ከተባለ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ለሁሉም ነገር መልሱ «ዶላር ጨምሮ ነው» ሆኗል። ቅዳሜ ደብረ ታቦር ገበያ ድንች ልገዛ ወጣሁ። ሴትዮዋ የጠራችው ዋጋ አስደነገጠኝ። «ምነው እቴ?» ብላት፣ «ዶላር ጨምሮ ነው አባባ» አለችኝ። «ድንቹ ከጉና ሥር ነው የመጣው። የመጣውም በአህያ ነው። አህያዋ ዶላር ትበላለች?» አልኳት። ሰዉ ሳቀልኝ፤ የረታሁ መሰለኝ። እሷ ግን ድንቿን እየሰፈረች፣ «አህያዋስ ሣር ነው የምትበላው፤ ዶላር የሚበላው ማዳበሪያው ነው» አለችኝ። ማዳበሪያው በመርከብ ከባሕር ማዶ እንደሚመጣ እኔ ገበሬው ረስቼው፣ እሷ ነጋዴዋ ነገረችኝ። ዝም ብዬ ከፈልኩ። አንድ ድንችም መረቀችልኝ፤ ከዋጋው ይልቅ ያቺ ምራቂ አቃጠለችኝ። ልብ በሉ፤ ሳያውቅ የሚቆጣ ሰው ቁጣውንም ድንቹንም በውድ ይገዛል።

ኢንተርኔቱ በክልላችን ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለወራት ተቋርጦ የነበረ ጊዜ ከባድ ነበር፤ አላሞካሸውም። ወላጅ ከልጁ ድምፅ ተለይቷል፣ የነጋዴም ሥራ ቆሟል። ግን በዚያ ክፉ ጊዜ አንድ ነገር አይቻለሁ። የጎረቤት ሳል ይሰማ ነበር። አንዷ አሮጊት ስታስል ካመሸች ንጋት ላይ ሦስት ሰው በሯ ላይ ቆሞ ይገኛል። ዛሬ ግን ቻይና ጎርፍ መጣ ሲባል ከንፈር የምትመጥጡ፣ ያቺው አሮጊት ውኃ ልትቀዳ በአንድ ግንድ ስትሻገር ቀና ብላችሁ አታዩም። የሩቁ ዜና የሚጣፍጣችሁ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ምንም ስለማያዝዛችሁ ነው። ከንፈር መጠጣችሁ፣ ጨረሳችሁ። የቅርቡ ግን ዶማ አምጣ ይላል።

እንግዳ ሲመጣ ጋፋትን ታስጎበኛላችሁ፤ ደረታችሁ ይነፋል። ንገሩት፤ ግን ሙሉውን ንገሩት። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ባለሙያዎችን እዚህ ሰብስበው መድፍ ሥሩልኝ አሉ። ብዙዎቹ ለወንጌል ሥራ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ፤ መድፍ ማቅለጥ ማን አስተማራቸው? ሞከሩ፤ ከሸፈ። እንደገና ሞከሩ። በመጨረሻ ሴባስቶፖል ወጣ፤ 70 ኩንታል ገደማ። ከዚያስ? በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ ገደል እየናዱ፣ መንገድ እየጠረጉ፣ መቅደላ ያደረሱት በመጋቢት ነው። መንገዱ ሲሠራ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። በሚያዝያ ሞቱ፤ መድፉ መቅደላን አላዳነላቸውም። ዛሬም አምባው ላይ አለ፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለው አምሳያው ነው። የጎተተው ሰው ሁሉ ወዶ እንዳልጎተተም ንገሩት፤ ንጉሡ ሰንሰለት ነበራቸው። እኔ ሰንሰለት የለኝም፤ ያለኝ ምላስ ነው። ግን 70 ኩንታል ብረት ከዚህች መሬት ተነሥቶ ያን ሁሉ ገደል ከተሻገረ፣ ሦስት ግንድ ከኔ ጓሮ እስከ ጅረቱ መድረስ የሚያቅተው በምን ሕግ ነው?

«እርስዎስ አባባ?» የሚል ሰው በሆዳችሁ አለ፤ ከፊታችሁ አነበብኩት። ጥሩ ጠየቃችሁ። ግንዶቹ እንዴት እንደ ሄዱ እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። በነሐሴ፣ ዝናቡ በበረታበት ማታ፣ አንድ ትንሽ ልጅ እየሮጠ መጥቶ «አባባ፣ የድልድዩ ግንድ ተንቀሳቅሷል፤ ገመድ ይስጡን» አለኝ። እኔ ሬዲዮኔን ጆሮዬ ላይ ደግፌ ነበር። «ቆይ ልጄ፣ ዜናው ይለቅ» አልኩት። ልጁ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ፤ ጋቢው ላይ ውኃ ይንጠባጠባል። ዜናው አለቀ። ወጥተን ስናይ ግንዶቹም አልቀዋል። የዚያን ማታ ምን እንደ ተወራ ብትጠይቁኝ አንድ ቃል አላስታውስም። ገመዱ ግን እስካሁን ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ፣ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ያየኛል።

ስለዚህ ቅጣቴን ራሴ ቆርጫለሁ። ከባሕር ዛፌ አራት ወፍራም ግንድ እሰጣለሁ፤ ሦስቱ የድልድዩ፣ አራተኛው የምላሴ። ቀኑን ስናገር ደግሞ ሰበብ እንደምታዘጋጁ አውቃለሁ። ሰኞ ሚካኤል ነው ትላላችሁ፤ ይሁን። ማክሰኞ እግዚአብሔር አብ ነው ትላላችሁ፤ ይሁን። ረቡዕ፣ መስከረም 14፣ አቡነ አረጋዊ ነው የሚል ካለ ግን መልስ አለኝ። አቡነ አረጋዊ ደብረ ዳሞን የወጡት በዘንዶ ነው። እኛ እንደ እሳቸው ስላልጸለይን ዘንዶ አይላክልንም፤ ግንድ ነው ያለን። ለነፍሰ ጡርና ለአሮጊት መንገድ ቢሠራ ጻድቁ አይቀየሙም፤ ቄሱን ጠይቄያለሁ፣ እሳቸውም አካፋ ይዘው ይመጣሉ።

መጥረቢያ ያለው መጥረቢያ፣ ዶማ ያለው ዶማ ያምጣ። ስልክ ብቻ ያለውም ይምጣ፤ ትከሻውን እንጠቀምበታለን። የመጣውን ዘሩን ያብዛለት፣ አዝመራውን ከበረዶ ይጠብቅለት። ያልመጣውን አልረግምም፤ በአዲሱ ድልድይ ሲሻገር ግን እኔ ዳር ቆሜ በስሙ ሰላም እለዋለሁ። ያ ይበቃዋል።

በሉ አሁን ስልካችሁን አንሡ። ይህንን ለ10 ሰው ላኩ፤ ዐሥሩም ረቡዕ ጠዋት በአካል ይምጡ። ገመዱን እኔ አመጣለሁ።