በገጽና በልብ መካከል

ሰው በውስጡም በውጩም አንድ ሆኖ መኖር እንደሚገባው የማይመሰክር የለም፤ ነገር ግን ይህ አንድነት በየዕለቱ ኑሮ፥ ማለት በገበታ ላይ፥ በለቅሶ ቤት፥ በአለቃ ፊት፥ በንስሐ አባት ዘንድ፥ ምን መልክ ይዞ ሊታይ እንደሚገባው በተጠየቀ ጊዜ፥ ቀድሞ ቀላል መስሎ የታየው ነገር እጅግ ይወሳሰባል። አንዳንዱ በልቡ የመጣውን ሁሉ በአፉ ማፍሰስን ለኅሊና መታመን አድርጎ ይቈጥረዋል፤ እንዲህ ያለው ሰው ወዳጁን በአደባባይ አዋርዶ ሲያበቃ "እኔ ፊት ለፊት ነኝ፥ ሐሜት አላውቅም" ይላል። ሌላው ደግሞ ሆድ ይፍጀው እያለ ዘመኑን ሁሉ ሲመሳሰል ኖሮ፥ ይህንኑ ጨዋነት ይለዋል። ሁለቱም ነገሩን የአፍ ጉዳይ አድርገውታል። እኔ ግን ሊመረመር የሚገባው፥ ሰው በንግግሩም ሆነ በዝምታው ማንን ሊያታልል፥ ምንስ ሊያተርፍ አስቦ ነበር የሚለው ነው እላለሁ።

በሀገራችን ልማድ እንግዳ በምሳ ሰዓት ቢደርስ፥ የቤቱ እመቤት የእጅ ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዛ፥ ሳፋውን አስጠግታ "እጅዎን ይታጠቡ" ትለዋለች፤ እርሱም ከማለዳ ጀምሮ እህል በአፉ ሳይዞር ውሎ ሳለ "ኧረ እኔስ በልቼ ነው የመጣሁት፥ አይቸገሩ" ይላታል። "በሞቴ! ትንሽ ይቅመሱልኝ።" "ኧረ ሞት ይርሳዎ።" እንዲህ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተባባሉ በኋላ፥ እንግዳው በግድ እንደ ተጐተተ ሰው ወደ መሶቡ ቀርቦ የመጀመሪያውን ጉርሻ ከእርሷ እጅ ሲቀበል ዓይኑ ይበራል። ጥብቅ የሆነ የምግባር መምህር ይህን ቢሰማ ውሸቱን አንድ ሁለት እያለ ይቈጥር ይሆናል። እኔ ግን አንድም አላገኘሁበትም፤ ምክንያቱም የተታለለ የለም። እርሷ እንደ ራበው ታውቃለች፥ እርሱም እንደምታውቅ ያውቃል፤ ቃሉ የተነገረው እንግዳው ለሆዱ ሲል ብቻ እንዳልመጣ፥ ባለቤቲቱም በግዴታ እንዳላበላች ሁለቱም ለመግለጽ እንዲችሉ ነው። ከሟቹ ጋር ተቀያይሞ የኖረው ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ በለቅሶ ድንኳን ሲቀመጥም ነገሩ እንዲሁ ነው፤ ወደድሁት አላለም፥ መጣ እንጂ።

አሁን ደግሞ ከገበታው ተነሥተን ወደ ቢሮ እንሂድ። አንድ ጸሐፊ አለቃው በአንዲት ባልቴት የርስት ጉዳይ ላይ የሰጠው ውሳኔ ግፍ መሆኑን ያውቃል፤ ማታ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ "ዛሬ የሰው እንባ አየሁ" ብሏታል። በማግሥቱ ግን መዝገቡን በሁለት እጁ ይዞ፥ ወገቡን ሰበር አድርጎ ከአለቃው ፊት ይቆምና "ጌታዬ፥ እንደ እርስዎ ያለ ዳኛ አላየሁም፤ ነገሩን ከሥሩ ነው የነቀሉት" ይላል። እዚህ ላይ የተታለለ ሰው አለ፤ አለቃው አምኖታል። የተገኘም ትርፍ አለ፤ ጸሐፊው በዓመቱ መጨረሻ ለሹመት ይታጫል። የከፈለች ደግሞ አለች፤ እርሷም በዚያ ክፍል ውስጥ የሌለችው ባልቴት ናት። ጸሐፊው ዝም ቢል ኖሮ፥ ፈሪ እንለው ይሆናል እንጂ ሐሰተኛ አንለውም ነበር፤ ልጆች ያሉት ሰው እንጀራውን ፈርቶ ዝም ቢል እኔ ድንጋይ ለማንሣት አልቸኩልም። ነገር ግን ማንም ሳያስገድደው በዝምታው ላይ ውዳሴ ጨመረበት።

በሐዋርያት ሥራ ሐናንያና ሚስቱ ሰጲራ መሬታቸውን ሸጠው፥ ከዋጋው አስቀርተው የቀረውን በሐዋርያት እግር አጠገብ ባኖሩ ጊዜ፥ ጴጥሮስ የወቀሳቸው ገንዘቡን ስላስቀሩ አልነበረም። መሬቱ ሳይሸጥ የእነርሱ ነበር፥ ከተሸጠም በኋላ ዋጋው በእጃቸው ነበር፥ ስጡ ብሎ ያስጨነቃቸው አልነበረም። የጠፉት ከፊሉን ሰጥተው ሁሉን የሰጡ መስለው ለመታየት በመፈለጋቸው ነው። ይህ ታሪክ ስለ አሥራትና ስለ መባ ሲሰበክበት ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ለእኔ ግን ስለ ገንዘብ የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው። ደግሞም ይኸው ጴጥሮስ ራሱ በኋላ ጊዜ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ጋር በአንድ ማዕድ ሲበላ ቆይቶ፥ ከኢየሩሳሌም ሰዎች ሲመጡ ፈርቶ ከማዕዱ እንደ ተለየና ጳውሎስም ፊት ለፊት እንደ ተቃወመው ተጽፏል። የሐዋርያት አለቃ እንኳ በማን ገበታ እንደ ተቀመጠ እንዳይታይበት የሰጋበት ቀን ነበረው።

ከሰው ፊት ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሰው ብቻውን ሲሆን የሚይዘው ፊት ነው። በእኛ ሥርዓት እያንዳንዱ ቤተሰብ የንስሐ አባት አለው፤ ይህም ሰው የለበሰውን የአደባባይ መልክ አውልቆ የሚያስቀምጥበት አንድ ሥፍራ እንዲኖረው ነው። ሆኖም በዚያም ሥፍራ ብዙዎቻችን ኃጢአታችንን እየመረጥን እንናዘዛለን፤ "አባቴ፥ በጾም ሳላስበው ወተት ያለበት ሻይ ቀምሼአለሁ" ብሎ ከልቡ የሚያዝን ሰው፥ በፍርድ ቤት በሐሰት የመሰከረውን ከነመኖሩም ይረሳዋል። አባትየው ስግደት አዝዘውት ይመለሳል፤ ቀለል ይለዋልም። ከዚህ በላይ የከፋ መታለል አላውቅም፤ አታላዩም ተታላዩም አንድ ሰው ነውና።

ከሀገራችን መጻሕፍት መካከል ይህን ጥያቄ አንሥቶ በራሱ ኑሮ የፈተነ ሰው የሚገኘው በሐተታ ዘዘርዐ ያዕቆብ ውስጥ ነው። ባለታሪኩ በ1592 ዓመተ ምሕረት ነሐሴ 25 ቀን በአክሱም አውራጃ ከድኃ ገበሬ እንደ ተወለደ፥ ድምፁ ሻካራ ስለ ነበረ ዜማው አልሆንልህ ብሎት ወደ ቅኔና ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ እንደ ዞረ፥ በኋላም በአክሱም ለአራት ዓመት እንዳስተማረ ይተርካል። ዘመኑ አፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት የተቀበሉበት፥ ሀገሩም በሁለት ወገን የተከፈለበት ዘመን ነበር። መምህሩ ግን ፈረንጆች እንዲህ ይላሉ፥ ግብጻውያን ደግሞ እንዲህ ይላሉ እያለ የሁለቱንም አቀረበ እንጂ፥ አንዱን መርጦ ሌላውን አላወገዘም፤ ስለዚህ ሁለቱም ጠሉት። አንድ የአክሱም ካህን በንጉሡ ዘንድ ከሰሰው፤ እርሱም ሦስት ወቄት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ በሌሊት ሸሸ፥ በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ባገኘው ዋሻም ሁለት ዓመት ተቀመጠ። ሱስንዮስ በ1625 ዓመተ ምሕረት ከሞቱ በኋላ፥ በፋሲል ዘመን፥ ከዋሻው ወጥቶ ወደ ቤጌምድር ሲሄድ፥ ሰዎች ከስደት የተረፈ መነኩሴ መስሎ ታያቸውና ምግብና ልብስ ሰጡት።

በዋሻው ሳለ ግን ከሁሉም ወገን ተለይቶ፥ በፈጣሪና በልቡና ብርሃን ብቻ የሚያምን ሰው ሆኖ ነበር። ከዚያ በኋላ በእንፍራዝ ሀብቱ በተባለ ባለጸጋ ቤት ተቀምጦ፥ ልጆች እያስተማረና መጽሐፍ እየጻፈ ሲኖር፥ በሰው ፊት እንደ ማንኛውም ክርስቲያን ነበር። ይህንንም በመጽሐፉ አይሸሽገውም፤ ያልሆንሁትን መስዬ በመታየቴ በእግዚአብሔር ዘንድ በደለኛ እሆን ይሆን ብሎ ራሱን ይጠይቃል፤ የሚመልሰውም፥ ሰዎች መታለልን ይወዳሉ፥ እውነቱን ብገልጥላቸው እርግማንና ስደት እንጂ ጥቅም አይገኝም፥ ስለዚህ ከሰው ጋር እንደ ሰው፥ ከአምላኬ ጋር ግን እርሱ እንዳሳወቀኝ እኖራለሁ የሚል ነው።

ይህን መልስ ሳነብ የሶርያው የጦር አለቃ ንዕማን ይታወሰኛል። ንዕማን ከለምጹ ነጽቶ ከእስራኤል አምላክ በቀር ለሌላ ላያመልክ ከወሰነ፥ ሁለት በቅሎ የሚጫነውንም አፈር ከዚያች ምድር ለመውሰድ ከለመነ በኋላ፥ አንድ ነገር ብቻ ይቅር እንዲባልለት ነቢዩን ይማጸናል፤ ንጉሡ እጁን ተደግፎ ወደ ጣዖቱ ቤት ሲገባ እርሱም አብሮ መስገዱ አይቀርምና። ኤልሳዕ ፈቅጄልሃለሁም፥ ከልክዬሃለሁም አላለውም፤ በሰላም ሂድ ብሎ አሰናበተው። ዳንኤል በባቢሎን መስኮቱን ወደ ኢየሩሳሌም ከፍቶ በቀን ሦስት ጊዜ በመጸለዩ ወደ አንበሶች ጕድጓድ መጣሉን ያነበበ ሰው፥ ነቢዩ ለንዕማን አደላለት ሊል ይችላል። እኔ ግን ንዕማን ሳይሰግድ በፊት እንደሚሰግድ መናገሩን፥ ስግደቱንም እንደ መልካም ሥራ ሳይሆን ይቅርታ እንደሚያስፈልገው ዕዳ ማቅረቡን አልዘነጋም።

ዘርዐ ያዕቆብም ቢያንስ ዕዳውን ጽፎታል፤ እኔ ከእርሱ ጋር የምከራከረው በሌላ ነው። አደጋን ፈርቶ ዝም ማለቱን እቀበላለሁ፤ ሱስንዮስና ፋሲል የነገሡበት ዘመን ስለ ሃይማኖት ለሚመራመር ሰው የዋዛ አልነበረም። ሰዎች መታለልን ይወዳሉ የሚለውን ግን አልቀበለውም። ይህ ከፍርሃት አልፎ ንቀት ነው፤ የናቁትን ሰው ደግሞ ማታለል አይከብድም። ለስደተኛው መነኩሴ ብላ እንጀራ የቈረሰችለት የቤጌምድር ሴት መታለልን ወድዳ ሳይሆን መጽደቅን ወድዳ ነው፤ እርሱም የበላው ያልገባበትን ገዳም ምጽዋት ነው። የራበው ሰው በላ ብዬ አልፈርድበትም፤ ነገር ግን በሽምግልናው፥ በ1660 ዓመተ ምሕረት፥ ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ለምኖት ሐተታውን ሲጽፍ፥ ስለዚያች እንጀራ ከራሱ ጋር ትንሽ ጠንከር ብሎ በተሟገተ እወድ ነበር።

የሚያስገርመው ደግሞ አሳዳጁ ንጉሥ ራሳቸው ናቸው። ሱስንዮስ ለዓመታት በሺህ የሚቈጠር ሰው በአፉ ሮማዊ፥ በልቡ ተዋሕዶ ሆኖ እንዲኖር ካስገደዱ በኋላ፥ በሃይማኖቱ ምክንያት በተነሣው ጦርነት ወይና ደጋ ላይ ብዙ ሰው ካለቀ ወዲህ ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ አሳወጁ፥ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። እርሳቸው ግን በያዙት እምነት እንደ ጸኑ ሞቱ ይባላል። ለሌላው የነፈጉትን በመጨረሻ ለራሳቸው ጠበቁት። በግድ የተሰበከ ሃይማኖት የሚያበዛው ግብዝን ብቻ መሆኑን ከሁሉ ይልቅ እርሳቸው ያዩት ይመስለኛል፤ ለማየት ግን የወገን ሬሳ አስፈለጋቸው።

ኢጣሊያዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፥ ይህን መጽሐፍ የጻፈው የአክሱሙ ሰው ሳይሆን በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኢትዮጵያ ይኖር የነበረው ካፑቺናዊ መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው አለ፤ ክላውድ ሰምነር ደግሞ ብዙ ደክሞ መጽሐፉ የዘርዐ ያዕቆብ መሆኑን ተከራከረ፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አልተዘጋም። በዚህ ጽሑፍ ለያዝሁት ነገር ግን ፍርዱ በየትኛውም በኩል ቢወድቅ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ተጠራጣሪዎቹ እውነት ብለው እንደ ሆነ፥ የምንኵስና ልብስ የለበሰ አንድ ሰው በራሱ ስም ሊናገረው ያልደፈረውን በአንድ ኢትዮጵያዊ መምህር አፍ አናገረው ማለት ነው። እንግዲያስ መስሎ ስለ መታየት የሚጠይቀውን ቃል የጻፈው፥ ያም ሆነ ይህ፥ ነገሩ በራሱ ላይ የደረሰበት ሰው ነው።

ከመጽሐፉ ሁሉ ይልቅ ባለታሪኩን የወደድሁበት ክፍል ግን ስለ ሃይማኖት የሚናገረው አይደለም። በሀብቱ ቤት ኂሩት የምትባል ገረድ ነበረች፤ መልከ ቀና እንዳልነበረች፥ ነገር ግን ጠባየ መልካም፥ አስተዋይና ታጋሽ እንደ ነበረች ራሱ ይናገራል። ሊያገባት ፈልጎ ጌታዋን በጠየቀው ጊዜ፥ ሀብቱ ከእንግዲህ ያንተ ገረድ ትሁን አለው። ዘርዐ ያዕቆብ በዚያ ቤት የሰው እጅ ጠባቂ ነበር፤ "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ተቀብሎ በልቡ ሚስቴ ናት ቢል፥ ማንም አይቃወመውም፥ ሰላሙም አይደፈርስም ነበር። እንደ ልማዱ ዝም ቢል የሚያተርፍበት ቦታ ይህ ነበር። እርሱ ግን ገረዴ እንድትሆን አልፈልግም፥ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው፥ ጌታና ገረድ ሊባሉ አይገባም ብሎ የሚያበላውን ሰው ፊት ለፊት አረመው። ሀብቱም እንደ ወደድህ አድርግ አለው።