የእንግዳው ግብዣና የባለአገሩ ጾም

ጾመኛ ሰው በፍቅር የቀረበለትን የፍስክ ግብዣ ሲተው፥ የሚተወው ምግቡን ብቻ ነውን? ወይስ የጋበዘውን ሰው ጭምር? ምእመናን ሆይ፥ ይህ ጥያቄ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን መልሱን በአፋችን እያወቅን በሥራችን የምንስት ብዙዎች ነን።

አሜሪካውያን የምስጋና ቀን የሚሉት በዓል አላቸው፤ በኖቬምበር ወር በአራተኛው ሐሙስ ይውላል። መነሻውን ሲናገሩ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1621 ዓ.ም. ባሕር ተሻግረው የመጡ ሰዎች መከራቸውን በሰበሰቡ ጊዜ ከአገሩ ተወላጆች ጋራ አብረው መብላታቸውን ያነሣሉ። በዚሁ አቈጣጠር በ1962 ዓ.ም. የሰላም ጓድ የተባሉት በጎ ፈቃደኞች ለማስተማር ወደ አገራችን ሲመጡ በዓላቸውም አብሯቸው መጣ። ቀኑ በእኛ በኅዳር አጋማሽ ስለሚውል፥ ብዙውን ጊዜ ኅዳር 15 ቀን በሚጀመረው በጾመ ነቢያት ውስጥ ይገባል።

በወጣትነቴ፥ ዲያቆን ሳለሁ፥ በምኖርበት ከተማ በፈቃዱ ሊያስተምር የመጣ አንድ አሜሪካዊ ነበር። በዚያ ቀን ዶሮ አሠርቶ ጎረቤቶቹን ጠራ፤ ጾም መግባቱን አላወቀም። ሰዎቹ ቢጠይቁኝ፥ «ጾም ነው፤ አትሂዱ» አልኋቸው። ማንም አልሄደም፤ ምክንያቱንም የነገረው አልነበረም። ማስተማሩን እንደ ወትሮው ቀጠለ፤ ከዚያ ወዲያ ግን የማንንም ደጅ አልረገጠም። እኔም ያን ጊዜ ጾሙን ያስከበርሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ዛሬ ስመረምረው ግን ስሕተቴ ይታየኛል። በግብዣ ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንዱ መብል ነው፥ ሁለተኛው አብሮ መቀመጥ ነው። ጾም የከለከለን ፊተኛውን ነው፤ ሁለተኛውን የከለከልሁ እኔ ነኝ። አብርሃም እንግዶችን ለመቀበል ከድንኳኑ ደጅ ሮጦ ወጣ፤ እኛ ግን እንግዳው ራሱ ሲጠራን ደጃችንን ዘጋን።

ምናልባት አንዳንዱ፥ «ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጋበዛችሁን ሰው መብል ሳትመረምሩ ብሉ ብሏቸው የለምን?» ይል ይሆናል። ያ የተነገረው ለጣዖት ስለ ተሠዋው ሥጋ ለሚጠራጠሩት ነው እንጂ፥ በቤተ ክርስቲያን የተሠራውን ጾም ለማፍረስ አይደለም። ይኸው ሐዋርያ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ፥ የሚበላው የማይበላውን እንዳይንቅ፥ የማይበላውም በሚበላው እንዳይፈርድ አስተምሯል። እኔ በማይበላው ወገን ቆሜ ፈረድሁ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አስቀድመን ጾማችን የሚገባበትን ቀን ለእንግዳው እንንገረው። በበዓሉም ቀን ሽሯችንንና ምስራችንን ይዘን ወደ ቤቱ እንሂድ፤ እርሱ የራሱን ይብላ፥ እኛም የእኛን፤ ምስጋናው ግን የአንዱ አምላክ ነውና በአንድነት እናመስግን። ልጆቻችንም በባዕድ አገር ታኅሣሥ 29 ቀን፥ ለዚያ አገር ሰው ተራ የሥራ ቀን በሆነው ዕለት፥ የልደትን ማዕድ አቅርበው ጎረቤት የሚጠብቁ መሆናቸውን አንርሳ።

ጾምን ከፍቅር ጋራ አስማምተን እንድንጠብቅ የአምላካችን ቸርነት ይርዳን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።