የተበላሸ ዕቃ ዕዳ በማን ትከሻ ነው?

የሰው ልጅ መሣሪያን የፈጠረው ድካሙን ለማቃለል መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያው በተበላሸ ጊዜ ያ ተቃልሎ የነበረው ድካም ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አይገኝም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ላነሣው የምሻው ጥያቄ ይኸው ነው፤ የቤትን መሣሪያ በገዛ እጅ መጠገን የገንዘብ ቁጠባና የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ነውን? ወይስ ከዚያ የከበደ የግብረ ገብ ጥያቄ አለበት?

ጥያቄውን ያመጣብኝ መጽሐፍ አይደለም፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ላንቴ ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተሰሜን፣ በአባያ ሐይቅና በጋሞ ተራሮች መካከል ያለች የሙዝ አገር ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚያ በሚኖር አንድ መምህር ወዳጄ ቤት በእንግድነት ሰንብቼ ነበር። ምጣዱ ከግድግዳ ተደግፎ፣ ጆንያ ተደርቦበት አየሁ። «ከተበላሸ ሁለት ወር ሆኖታል፤ ከከተማ ሠሪ እስኪመጣ እየጠበቅን ነው» አለኝ ወዳጄ። በጓሮ በኩል ግን ጭስ ይወጣ ነበር። ባለቤቱ ዐይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ እሳት ያራግባሉ፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጃቸው የተሸከመችውን እንጨት አውርዳ ትከሻዋን ታሻለች። በእነዚያ ሁለት ወራት ውስጥ ስንት ቀን ወደ ትምህርት ቤት አርፍዳ እንደ ሄደች ከአባቷ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም፤ የሚያስተምረው እዚያው ነውና።

ወዳጄ የሚያስተምረው ፊዚክስ ነው። የኤሌክትሪክ ጅረት በሽቦ ውስጥ ሲያልፍ ሙቀትን እንዴት እንደሚፈጥር በየዓመቱ በሰሌዳ ላይ ይጽፋል። እኔም ብሆን የሠራተኛን ክንድ በግጥምና በተውኔት ሳወድስ ሃያ ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ። ሁለታችንም ግን ያን ምጣድ ገልብጠን ለማየት እጃችንን አልዘረጋንም። ማታ በራት ላይ ልጅቱ፣ «ጋሼ፣ ውስጡን ከፍቶ ማየት ይከለከላል እንዴ?» ስትል ጠየቀችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

በማግሥቱ ሶኬቱን ነቅለን፣ ምጣዱን ገለበጥነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ምሥጢር የበዛበት ዕቃ አይደለም። ከላይ ሊጡ የሚፈስበት ሸክላ አለ፤ በሸክላው ሥር ዙሪያውን በተቆፈረ ቦይ ውስጥ የሚግል ሽቦ ተጠምጥሟል፤ ሁሉንም ቆርቆሮ ይሸፍነዋል። ቆርቆሮውን በካቻቢቴ ስንፈታው ሽቦው ደኅና ነበር። ገመዱ ከሽቦው ጋር የሚገናኝበት ብሎን ግን ላልቶ፣ የገመዱ ጫፍ ተቃጥሎ ጠቁሯል። ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ኃይል የሚወስድ ዕቃ ነው፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፔር ይጠጋል። ይህን የሚያህል ጅረት በላላ ብሎን በኩል ሲያልፍ መገናኛው ይግላል፤ ሲግል ይበልጥ ይላላል፤ በመጨረሻም ይቃጠላል። ወዳጄ ይህን ለልጁ ያስረዳት ገመዱን በእጁ ይዞ ነበር። የተቃጠለውን ቆርጠን፣ ጫፉን ልጠን፣ ብሎኑን በአዲስ ለውጠን፣ የመሬቱን ገመድ ጭምር አጥብቀን አሰርነው። ሥራው አንድ ሰዓት አልፈጀም። የሁለት ወር ጭስ፣ የሁለት ወር የእንጨት ሸክም የአንድ ብሎን ዋጋ ኖሯል።

ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ነገር ግልጽ ሆኖልኛል። መሣሪያ ቢቆም ሥራ አይቆምም፤ እንጀራው መጋገር፣ ሳህኑም መታጠብ አለበት። ስለዚህ «ሠሪ እስኪመጣ እንጠብቅ» ስንል የምንጠብቀው እኛ ሳንሆን፣ በእኛ ፈንታ ሥራውን በጉልበቱ የሚሸፍን ሌላ ሰው አለ። ያም ሰው ብዙውን ጊዜ በቤቱ ውስጥ ድምፁ ዝቅ ያለው ነው፤ ሚስት፣ ሴት ልጅ ወይም የቤት ሠራተኛ ናት። ለመጠገን የሚያስችል እውቀት እያለው እጁን ያልዘረጋ ሰው ከነገሩ የለሁበትም ለማለት አይችልም። ዕዳውን ወደ ሌላው ትከሻ አዛውሯልና።

ይህ ነገር የላንቴ ብቻ፣ የምጣድም ብቻ አይደለም። በውጭ አገር በሚኖሩ ወገኖቻችን ማእድ ቤት የተለመደውን፣ በአዲስ አበባም በአንዳንድ ቤቶች የሚታየውን የሳህን ማጠቢያ መሣሪያ እንመልከት። አሜሪካዊቱ ጆሴፊን ኮክሬን የፈጠራ መብቱን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው፤ በ1893ም በቺካጎው ዓለም አቀፍ ትርዒት ላይ አሳይታዋለች። ታሪኩ እንደሚነገረው፣ መጀመሪያ ያነሣሣት የአገልጋዮቿ እጅ መድከም ሳይሆን የከበሩ ሳህኖቿ በአገልጋዮቿ እጅ መሸራረፋቸው ነበር። ኋላም ባሏ ዕዳ ትቶባት በሞተ ጊዜ፣ ከአንድ መካኒክ ጋር ሆና መሣሪያውን ለፍጻሜ አበቃችው። እንግዲህ ድካምን አቃላይ የምንለው መሣሪያ ሲወለድ እንኳ የታሰበለት ሳህኑ ነበር፤ የአጣቢዋ እጅ አልነበረም።

የዚህም መሣሪያ ውስጡ ሲታይ እንደ ምጣዱ ነው። ውሃ ይገባል፣ ይሞቃል፤ አንድ ፓምፕ ውሃውን በሚሽከረከሩ ክንዶች ቀዳዳ በኩል ወደ ሳህኑ ይረጨዋል፤ ሌላው እጣቢውን ያስወጣል፤ ከሥር ማጣሪያ አለ። አላጥብ አለ ወይም ውሃ ቋጠረ ሲባል፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ትርፍራፊ በደፈነው ማጣሪያ፣ ከውሃው የሚቀር ነጭ ዝቃጭ በዘጋው የክንድ ቀዳዳ ወይም በታጠፈ የእጣቢ ቱቦ ላይ ነው። ማጣሪያውን አውጥቶ ማጠብ ከአንድ ድስት ማጠብ አይበልጥም። ይሁን እንጂ ያንን የሰባና የሚሸት ቆሻሻ በጣቱ መንካት የሚጸየፍ ሰው፣ መሣሪያው ቆሞ በሰነበተበት ጊዜ ሁሉ ያው ቆሻሻ በሌላ ሰው ጣት ሲነካ አይከፋውም።

ይህ መጸየፍ ከየት መጣ? ሥሩ ጥልቅ ነው። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው ሰው ለብዙ ዘመን ሲሰደብ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ ማወጃቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበር ያሳያል። በጋሞ ምድርም ሸክላ ሠሪዎቹ ማና፣ ቆዳ ፋቂዎቹ ደጋላ እየተባሉ ከጋብቻና ከመሬት ርቀው ኖረዋል። በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ በገዛ እጁ ለማረስ የሚፈቅድ ሁሉ መሬት እንዲያገኝ ደነገገ። ሕግ ግን መሬትን ሊያከፋፍል ይችላል እንጂ ንቀትን ከልብ አይነቅልም። ከሸክላ ሠሪዋ እጅ በወጣ ምጣድ የተጋገረውን እየበላን እጇን የናቅን እኛ፣ ኋላም ተምረን ዲፕሎማ በያዝን ጊዜ፣ ያው ንቀት «የባለሙያ ሥራ ነው» የሚል ትሑት ልብስ ለብሶ መጣ።

የጋሞ ምድር ንቀትን ብቻ አላቆየልንም፤ ለጥገናም ታላቅ ምስክር አለው። ከላንቴ ሜዳ ሽቅብ፣ ወደ ጨንቻ በሚወስደው ዳገት፣ የዶርዜ ቤቶች ይገኛሉ። ከቀርከሃ የተፈተሉት፣ በኮባ የሚለበጡት እነዚህ ቤቶች ሲሠሩ እስከ 12 ሜትር ይረዝማሉ። ምስጥ ከሥር ሲበላቸው አይጣሉም፤ የተበላው እየተቆረጠ ቤቱ ዝቅ ይላል፤ እንዲያ እያለ ለአሥርት ዓመታት ይኖራል። ሲያስፈልግም ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን ከነቁመናው አንሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ይወስደዋል። ዶርዜ ቤቱን ሲያንጽ እንደሚበላሽ አስቦ ነው የሚያንጸው፤ ጥገናውም ከሥራው ተለይቶ የሚታይ ውርደት አይደለም።

በዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው፣ ሁሉም የራሱን ከጠገነ የሠሪው እንጀራ ምን ይሆናል? የሚል ነው። ሁለተኛው ስለ አደጋው ነው። ሁለቱም ቀላል አይደሉም። ኤሌክትሪክ ይገድላል፤ እኔም ራሴ ከእውቀቴ በላይ የሆነ ምድጃ ፈትቼ፣ ሊጠገን ይችል የነበረውን ጨርሼ ያበላሸሁበት ጊዜ አለ። ሆኖም ድንበሩን ማበጀት ይቻላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከማርች 2021 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው ደንብ ለሳህን ማጠቢያ መሣሪያ መለዋወጫ እንዲቀርብ አምራቾችን ሲያስገድድ፣ ማጣሪያውን፣ የመርጫ ክንዶቹን፣ የበሩን ማጠፊያና ጎማውን ለባለቤቱ ጭምር፣ ሞተሩንና ፓምፑን ለባለሙያ ብሎ ለይቷል። የፊተኞቹ ቢያንስ ለ10፣ የኋለኞቹ ቢያንስ ለ7 ዓመት መገኘት አለባቸው። ባለቤቱ የራሱን ድርሻ ቢወጣ ባለሙያው የሚጎዳ አይመስለኝም። እንዲያውም የዕቃውን ውስጥ አንድ ጊዜ ያየ ሰው ሠሪው የሚጠይቀው ዋጋ ለምን እንደሆነ ስለሚገባው ሲከፍል አያጉረመርምም፤ ሠሪውንም «አንተ» ብሎ አይጠራውም።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። ማንኛውም ሰው ሁሉን መጠገን አይችልም፤ አይገደድምም። ነገር ግን በቤቱ አንድ መሣሪያ በቆመ ቀን፣ ሥራው አሁን በማን ትከሻ ላይ እንደ ወደቀ መጠየቅ ይገደዳል። ጠይቆም ወይ ካቻቢቴውን ማንሣት፣ ወይ ሠሪውን ሳይውል ሳያድር መጥራት፣ ያም ካልሆነ እንጨቱን ራሱ መሸከም አለበት። መምህሩ በሰሌዳ የጻፈውን በምጣዱ ሥር ቢያሳይ፣ የሥራ ኃላፊው ከስብሰባ መልስ የቤቱን ጓሮ ቢያይ፣ ስለ ሠራተኛ ክንድ የምንጽፈውም የገዛ ጣታችን ጥቀርሻ ቢነካ፣ ቃላችን ከዛሬው የበለጠ ይታመናል።

ከላንቴ በወጣሁበት ቀን ጠዋት በጓሮ በኩል ጭስ አልነበረም። ልጅቱ ደብተሯን ይዛ በጊዜ ስትወጣ አየኋት። እኔ ግን የቀድሞ ግጥሞቼን እያስታወስኩ ትንሽ አፍሬ ነበር።