ጭቃ ያቦኩ እጆች

በደማምና በኮባር ያላችሁ እህቶቼ፣

የዛሬው ክፍላችን ዘጸአት 31፥1-5 ነው። እግዚአብሔር ባስልኤል የተባለውን ሰው በስሙ ጠርቶ መንፈሱን ሞላበት። ለምን? እንዲሰብክ ነው? አይደለም። በወርቅና በናስ፣ በድንጋይና በእንጨት እንዲሠራ ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ሰው የወጣው ጭቃ ሲያቦካ፣ ጡብ ሲሠራ ከኖረ ሕዝብ መካከል ነው (ዘጸ. 1፥14)። ፈርዖን የጡቡን ቁጥር እንጂ የሠሪውን ስም አይጠይቅም ነበር። እግዚአብሔር ግን በስሙ ጠራው።

ይህን የምጽፈው ብዙዎቻችን «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ገረድ ነኝ» ስንል ስለምሰማ ነው። እህቶቼ፣ ኮንትራት ያልቃል፤ ይህ ቃል ግን ልብ ውስጥ ከገባ አገር ቤት ድረስ ተከትሎን ይሄዳል።

እኔ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የዘይት ቀለም ሥዕል እየተማርኩ ነው። የቤቱ ልጅ ትሥላለች፣ ብሩሿን የማጥብላት እኔ ነኝ። ጠየቅኋት፣ አሳየችኝ፣ የተረፋትንም ቀለምና ሸራ ሰጠችኝ። የምሥለው ቬኒስን ነው፤ መንገዷ የውኃ ቦይ፣ መኪናዋ ጀልባ የሆነውን የጣሊያን ከተማ። ፈረንሳዊው ክሎድ ሞኔ እ.ኤ.አ. በ1908 ሊሥላት ሲሄድ ዕድሜው ወደ 68 ተጠግቶ ነበር። ጀምሯቸው የተመለሰውን ሸራዎች ቤቱ ሲሠራ ቆይቶ ለሕዝብ ያሳየው በ1912 ነው። ከዚህ ሙያ ሦስት ነገር ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ቀጭኑ ይቀድማል። ይህ ቀለም የሚለወሰው በተልባ ዘይት ነው፤ አዎ፣ በእኛው ተልባ! እንደ ውኃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ጋር እየተዋሐደ ቀስ ብሎ ይጠነክራል። ስለዚህ መጀመሪያ በአኳራጅ የቀጠነው ይቀባል፣ ዘይት የበዛበት ወፍራሙ ከላይ ይመጣል። ከተገለበጠ ላዩ ቶሎ ይደርቅና ታቹ ገና ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። እኛ ደግሞ ወፍራሙን በመጀመሪያው ዓመት እንፈልጋለን፤ ቤቱንም፣ ወርቁንም፣ የጸሎቱንም መልስ። ያዕቆብ ግን ዝናብ የሚጠብቀውን ገበሬ እዩ ይለናል (ያዕ. 5፥7)።

ሁለተኛ፣ ጨለማው የሥዕሉ መጨረሻ አይደለም። እኔ ሸራው ላይ መጀመሪያ ጥቁር ሰማያዊውን አስቀምጣለሁ፤ የመስኮቱ ቢጫ መብራት የሚደምቀው በዚያ ላይ ሲያርፍ ነው። ማታ በኮባር ኮርኒሽ በኩል ያለፋችሁ፣ የፎቆቹ መብራት ባሕሩ ላይ ረዝሞ ሲተኛ አይታችኋል። ግን አደራ፣ በትክክል ስሙኝ። ደመወዝ መከልከል ወይም መመታት የእግዚአብሔር ብሩሽ ነው ብዬ አላስተምርም። እሱ በደል ነው፤ ፈርዖንም ተጠይቆበታል። የተበደለች እህት ዝም አትበል፣ እኛም ዝም አንበል። እኔ የምለው ጨለማውን የጨረሰው እጅ አለ ነው።

ሦስተኛ፣ ውኃው ሲናወጥ የሚሰበረው መልኩ ነው እንጂ ቤቱ አይደለም። ቦዩ ላይ የወደቀውን የቤት ጥላ ስሥል መጀመሪያ ቀለሙን ወደ ታች እጎትታለሁ፣ ከዚያ በደረቅ ብሩሽ ወደ ጎን ቀስ አድርጌ እሰብረዋለሁ። ቤቱ ግን ከላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እህቴ ሆይ፣ በሰው ዓይን ውስጥ ያለው መልክሽ ዛሬ ተሰባብሮ ይሆናል። እሱ ውኃው ነው። አንቺ በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠርሽ ነሽ (ዘፍ. 1፥27)፤ እሱን ማንም ብሩሽ አይሰብረውም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ዘጸአት 35፥25 ልባቸው ጥበበኛ የሆነ ሴቶች በእጃቸው ፈትለው ለማደሪያው እንዳመጡ ይናገራል። በዚህ ወር እያንዳንዳችን አንድ ነገር እንጀምር፤ ስፌት ይሁን፣ የአረብኛ ፊደል ይሁን፣ ሥዕል ይሁን። ጊዜ የለኝም የምትል እህት አለች፣ አውቃለሁ፤ እውነቷን ነው። በቀን አሥር ደቂቃ ካገኘች በአሥር ደቂቃ ትጀምር። ቀጭኑ ይቀድማል ብለናል።

ባስልኤልን በስሙ የጠራ ጌታ የእያንዳንዳችሁን ስም ያውቃል። የእጃችሁን ሥራ ይባርክ። አሜን።

እህታችሁ በጌታ